ያልተቀመሰው ጄሪካን

በጅቡቲ ከተማ ዋራበሌ ሰፈር ውስጥ ከአሮጌው ጉድጓድ የሚቀዳ ሰው የለም። ውሃው ስንቱን ሆድ ካበላሸ በኋላ፣ በጎ ፈቃደኞች ዓርብ ዓርብ ንጹህ ውሃ በመኪና እያመጡ በየበሩ ያድላሉ። ሰፈሩ በሙሉ ይመርቃቸዋል። የሚረግማቸው ፍስሐ ብቻ ነው፤ እሱም በሆዱ።

ፍስሐ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ሲመላለስ ያረጀ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። በዚያ መንገድ አንድ ልማድ አለ። ናፍጣውም ውሃውም በአንድ ዓይነት ጄሪካን ስለሚያዝ፣ ውሃ የሚሰጥ ሰው መጀመሪያ ራሱ ይጎነጫል። ከበጎ ፈቃደኞቹ አንዷ፣ እስከዳር፣ ይህን ልማድ ታውቃለች። በየበሩ ጄሪካኑን ከፍታ፣ በክዳኑ ጎንጨት ብላ ነው የምታስረክበው።

ፍስሐ በር ላይ ስትደርስ ግን አትቀምስም።

የመጀመሪያው ዓርብ ጄሪካኑን ደጃፉ ላይ አስቀምጣ ፈገግ አለችለት።

"የበዕውቀቱ እህት ነኝ" አለች። "ይጠጡ፣ ጋሽ ፍስሐ።"

በዕውቀቱ የድሮ የሥራ ባልደረባው ነበር። ፍስሐ የመኪናውን ናፍጣ ሲሸጥ በዕውቀቱ አይቶት ለአለቃ ሊናገር ሲል፣ መኪናቸው በረሃ ላይ ቆመ። ፍስሐ "ሰው ይዤ እመለሳለሁ" ብሎ በአላፊ መኪና ሄደ። ጄሪካን ትቶለት ነበር፤ ሳይቀምስ። ናፍጣ የተቀላቀለበት ውሃ መሆኑን ያውቅ ነበር። አልተመለሰም፣ ሰውም አልላከም። አስከሬኑ ሲገኝ ጄሪካኑ እንደሞላ አጠገቡ ነበር አሉ።

እንግዲህ ይቺ ልጅ የወንድሟን ደም ልትመልስ መጥታለች። ፍስሐን ሞኝ አድርጋው ከሆነ ግን ተሳስታለች።

"እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ" ብሎ ይቀበላትና፣ ዞር ስትል ከቤቱ ኋላ ይደፋዋል። የጎረቤቱ የራህመት ፍየል ለምዳ ዓርብ ዓርብ እዚያው ቆማ ትጠብቀዋለች። እሱ ግን አመሻሽ ላይ ሰው ሳያየው ወደ አሮጌው ጉድጓድ ይወርዳል። ከራህመት እንዳይለምን "የእርስዎስ የት ሄደ?" ትለዋለች፤ መልሱ ደግሞ ያንን ስም ያስጠራል።

አንዱን ጄሪካን ሳይከፍት አልጋው ሥር ደበቀው። ፖሊስ ፊት አቅርቦት እስከዳር ጋቦዴ እስር ቤት ስትገባ እያሰበ ይተኛል። ሐሳቡ ከእንቅልፉ ይጥመው ነበር።

"ከስተዋል እኮ" አለችው ራህመት አንድ ቀን። "ወላሂ፣ ውሃ በደንብ ይጠጡ። ይቺ ልጅ የምታመጣው መድኃኒት ነው።"

"ለማን?" አለ ፍስሐ።

ብዙም ሳይቆይ ሆዱ ተበጠበጠ፤ ደም አስቀመጠው። በምን አገኘችኝ ብሎ አሰበ። የጄሪካኑን እጀታ መርዝ ቀብታው ይሆናል።

ራህመት ሆስፒታል አደረሰችው። ሐኪሙ የምርመራውን ውጤት አይቶ ራሱን ነቀነቀ። ዘግይተዋል ማለቱ እንደሆነ ለፍስሐም ገባው።

"ውሃ የሚጠጡት ከየት ነው?" ሲል ጠየቀው።

"መርዛኛለች" አለ ፍስሐ፣ ድምፁ እየተቆራረጠ። "ማስረጃው አልጋዬ ሥር አለ። ፖሊስ ጥሩልኝ። እሷንም ጥሩልኝ፤ ዓይኔ እያየ ትያዝልኝ።"

ፖሊሱ ጄሪካኑን ይዞ መጣ። እስከዳርም መጣች። ፖሊሱ ክዳኑን ከፍቶ ሊያሸት ሲያጎነብስ፣ እሷ ከራስጌው ብርጭቆ አነሳች። ፍስሐን ዓይን ዓይኑን እያየች ከጄሪካኑ ሞልታ ቀዳች።

እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ጠጣችው።