በሬኖ ግቢ ላይ የቀረበው ተቃውሞ

ሬኖ ፋሩጃ ማዘጋጃ ቤት የሚባል ነገር ባይኖር ኖሮ ማንም ሰው ቤት አይቸግረውም ነበር ባይ ነው። ከቤተ ክርስቲያን መልስም ሆነ ምሳ ላይ ያገኘውን ሁሉ በዚሁ ያደርቀዋል። ሰው በገዛ መሬቱ ሦስት ፎቅ ቢያቆም ጎረቤትን ምን አገባው? ፈላጊ ከሌለ የሚሠራ የለም፤ ገበያው ይፍረድ! በአውስትራሊያዋ ከተማ በሜልበርን ምዕራብ ዳርቻ የሚኖሩት ማልታውያን ዘመዶቹ ሬኖ ሲመጣ ወሬ መቀየር ለምደዋል።

ነገሩ ግን ወሬ ብቻ አልነበረም። ሴት ልጁ ሮዛን የምትከራየው ቤት አጥታ ባሏንና ልጆቿን ይዛ የአገሩ ሌላ ጫፍ ፐርዝ ድረስ ተሰድዳለች። የልጅ ልጆቹን በስልክ ብቻ ማየት አንገበገበው። ስለዚህ ሟቹ አባቱ በእጃቸው የሠሩትን፣ እናቱም የሚኖሩበትን አሮጌ ቤት አፍርሶ በቦታው አራት ቤት ሊያቆም ተነሣ። አንዱ ለሮዛን ነው። ከኋላ ያለችው ትንሿ ደግሞ ለእናቱ።

እናቱ ካርሜና ፕላኑን ሲያሳያቸው መነጽራቸውን አድርገው ረጅም ጊዜ አዩት። "ጥሩ ነው" አሉ። ከዚያ ፈርሚ ባላቸው ቦታ ሁሉ ፈረሙ።

እንደ ደንቡ፣ ግንባታውን የሚቃወም ካለ እንዲያመለክት የሚጠይቅ ቢጫ ማስታወቂያ አጥሩ ላይ ተሰቀለ። ብዙም ሳይቆይ ከማዘጋጃ ቤቱ ተደወለ። አንድ ተቃውሞ ስለቀረበ ጉዳዩ በስብሰባ ይታያል አሉት። ቤቱ ሰው ዕድሜውን የጨረሰበት ነው፣ ግቢው ውስጥ ያለው የበለስ ዛፍም መቆረጥ የለበትም የሚል ተቃውሞ ነው። የተቃዋሚውን ስም ግን ደንቡ ስለማይፈቅድ አንነግርህም አሉት።

ሬኖ ስም አላስፈለገውም። ጎረቤቱ ክላይቭ ነው። ጡረታ የወጣው የባቡር ሠራተኛ ክላይቭ፣ የጎረቤት ሣር ረዘመ ብሎ ለማዘጋጃ ቤት የሚያሳብቀው፣ ያንን በለስ ስንት ዓመት ሙሉ በአጥር ላይ እየቀጠፈ የበላው። ሬኖ አጥሩ ጋ ጠብቆ ያዘው።

"ወንድ ከሆንክ ፊት ለፊት ተናገር።"

"ምኑን?"

"ምኑን ይለኛል እንዴ! ተቃውሞህን ነዋ።"

ክላይቭ በሬኖ ትከሻ ላይ አሻግሮ ወደ ኩሽናው መስኮት አየ። እናቱ ሳህን እያጠቡ ነበር።

"እኔ በሰው ቤት ጉዳይ አልገባም፣ ሬኖ" አለና ገባ።

ሌባ ሰውን ዓይን ለዓይን አያይም፤ ሬኖ ከዚህ በላይ ማስረጃ አልፈለገም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታውን ነሣው። እናቱንም አንዲት በለስ በአጥር እንዳይሰጡ ከለከላቸው። እሳቸው ግን ሰሞኑን ምግብ አልበላ ብሏቸዋል፤ ቢጠይቃቸውም ሳህናቸውን አንሥተው ለማጠብ ይሄዳሉ። ሮዛን በደወለች ቁጥር "ይህ ሰውዬ አያትሽን አሳመመብኝ" ይላታል። እንቅልፍ አጣ። ልጁ ዳግመኛ ወደ ሰፈሯ ላትመለስ ነው፤ በአንድ ምቀኛ ምክንያት!

የስብሰባው ዕለት እናቱ የእሑድ ካፖርታቸውን ለብሰው "እኔም እሄዳለሁ" አሉት። ደስ አለው። ክላይቭ ቀድሟቸው መጥቶ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጧል። እናቱ ሲያልፉ በዓይናቸው ሰላም አሉት፤ ሬኖ የእናቱ ደግነት ልኩን አልፏል ብሎ ተናደደ።

ተራው ሲደርስ ተነሥቶ ተናገረ። ስለ ልጁ ሲያወራ ድምፁ ተቆራረጠ። ከዚያ ጠነከረ። "ይህ አገር ቤት ያጣው መሬት ጠፍቶ አይደለም" አለ። "ነገሩ የማይመለከተው ሰው ሁሉ እየተነሣ አይሆንም ስለሚል ነው። የሚወስነው ባለቤቱ መሆን አለበት፤ ባለቤቱ ብቻ!"

አዳራሹ ውስጥ አንዳንዶች አጨበጨቡ። እናቱ ጉልበቱን መታ መታ አደረጉና "ጥሩ ተናገርክ ልጄ" አሉት። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።

"አሁን ተቃውሞ ያቀረቡት ይምጡ" አለች ሰብሳቢዋ።

ሬኖ ወንበሩ ላይ ሙሉ በሙሉ ዞሮ ክላይቭ ላይ አፈጠጠ። ይነሣ፤ ሰው ሁሉ ይየው። ክላይቭ ግን ከተቀመጠበት ንቅንቅ አላለም፤ መሬት መሬት ያያል።

"ካርሜና ፋሩጃ እባላለሁ" አለ በድምፅ ማጉያው የመጣ የአሮጊት ድምፅ። "የቦታው ባለቤት ነኝ።"