ጋሽ ሸምሱ የሚጠይቁት በሽተኛ

«እባክሽ ልጄ... መርፌም ቢሆን ውጊኝ፣ ሙዝ ብላ ግን አትበይኝ!»

ይህን ያሉት አቶ ጥበቡ ናቸው። ዘመኑ 2003 ዓ.ም.፣ ቦታው ሚዛን ተፈሪ፣ አንዲት ክሊኒክ ውስጥ።

ባታቸው ድንገት እንደ ድንጋይ እየደደረ አላስቀምጥ አላስቆም ብሏቸዋል። ባለፈው ሰሞን የጎረቤት ሠርግ ላይ እስክስታ ሊወርዱ ተነሥተው... ሙሽሪት እግር ሥር ተዘርረዋል።

ጥር ላይ ደግሞ የራሳቸው ልጅ ዲቦራ ታገባለች። «አባዬ ካልጨፈረ ሠርጉ ይቅር» ብላለች።

ዶክተር ሐፍሳ የደም ምርመራውን አየች።

«ፖታሲየም አንሶዎታል። ጡንቻ ያለ እሱ አይታዘዝም። በሥጋና በቡና ብቻ ነው የሚኖሩት! ኩላሊትዎን ቢያምዎት ኖሮ እንዲህ አልልም ነበር፤ እሱ ግን ደህና ነው። ሙዝ፣ አቮካዶ፣ ድንች፣ ጎመን... ትኩስ ትኩሱን ይብሉ።»

«እንክብል የለውም?»

«አቶ ጥበቡ... አዲስ አበባን ሙዝ የሚያበሉት እርስዎ አይደሉ እንዴ?»

እውነቷን ነው። በአይሱዙ ሙዝ እየጫኑ የሚልኩት እሳቸው ናቸው። ራሳቸው ግን ከልጅነታቸው ወዲህ ቀምሰው አያውቁም።

ሙዝ የልጅና የበሽተኛ ነዋ!

ትልቅ ሰው ሙዝ ሲልጥ ከታየ ሰፈሩ «ምን አገኘው?» ይላል። ወሬው ቴፒ ያሉት አማቾች ጆሮ ከገባ ደግሞ... «ሠርጉ ለቅሶ እንዳይሆን ይራዘም» መባሉ አይቀርም።

በሰፈሩ ሙዝና አቮካዶ በፌስታል አንጠልጥሎ፣ ደረቱን ነፍቶ የሚሄድ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ባለሱቁ ጋሽ ሸምሱ!

በዕድሜ ከአቶ ጥበቡ ይበልጣሉ... የመስጊዱን ዳገት ግን እንደ ፍየል ነው የሚወጡት።

«ወዴት ነው ጋሽ ሸምሱ?»

«በሽተኛ ልጠይቅ።»

«ዕድሜ ይስጥልን! እንዲህ ያለ ደግ ሰው የት ይገኛል?»

አቶ ጥበቡ ግን መጋዘናቸው ውስጥ በኮባ ቅጠል ተከልለው፣ በድብቅ መብላት ጀመሩ።

ሚስታቸው ወይዘሮ የዓለምዘርፍ ልጣጭ አገኙ።

«ጦጣ ገብታለች!» አሉ።

በማግስቱ መጥረጊያ ይዘው አደፈጡ። ቅጠሉ ተንኮሻኮሸ...

ጧ!

«ኧረ በማርያም! እኔ ነኝ!»

ጎረቤት ጩኸት ሰምቶ ሲደርስ አቶ ጥበቡ ግማሽ ሙዝ እንደ ጎረሱ ተገኙ።



ከዚያ ጎረቤታቸው ተሾመች ነጠላዋን ልታዘቀዝቅ ምንም ሳይቀራት ጮኸች። «ወይኔ ጋሼን! ለካ ታመው ደብቀውን ነው!»

በዚያው ቀን ሰፈሩ በሙሉ ሊጠይቃቸው መጣ። ሁሉም ሙዝ ይዞ ነው የመጣው... የገዛውም ከራሳቸው መጋዘን!

«እግዜር ይማርዎ።»

«አልታመምኩም እኮ!»

«አይ... ሲጠና እንዲህ ያስብላል።»

አመሻሹ ላይ ዲቦራ እያለቀሰች ገባች። «አባዬ፣ ከቴፒ ደወሉ... ሠርጉ ይራዘም እያሉ ነው።»

አቶ ጥበቡ አንድ ተስፋ ቀራቸው። ጋሽ ሸምሱ! ስንቱን በሽተኛ የጠየቁ ሰው «ደህና ነው» ካሉ ማን ይጠራጠራል?

ግን ያ ሁሉ ሰው ሲመጣ... የቀሩት እሳቸው ብቻ ነበሩ!

አቶ ጥበቡ ተናደው፣ እያነከሱ ጋሽ ሸምሱ ቤት ሄደው በጓሮ በር ገቡ።

ጋሽ ሸምሱ ከቡና ተክላቸው ሥር ቁጭ ብለው፣ ፌስታሉን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው... አቮካዶ በማንኪያ ይዝቃሉ!

«ጋሽ ሸምሱ! በሽተኛው የታለ?»

ማንኪያው አየር ላይ ቀረ።

«እኔው ነኝ... ማለቴ፣ ነበርኩ። ያቺ ዶክተር ሐፍሳ ለእኔም እንዳንተው ነው ያዘዘችልኝ። ምን ላድርግ ጥበቡ? ሙዝ ስበላ ከታየሁ ታመመ እባላለሁ። ለበሽተኛ ብዬ ስገዛ ግን... እመረቃለሁ!»

«ታዲያ ዛሬ እኔን ሊጠይቁ ለምን አልመጡም?»

«ብመጣ ሙዙን ላንተ ትቼ ልመለስ አይደል?»

አቶ ጥበቡ ሊስቁ ፈለጉ... አልቻሉም። «የልጄ ሠርግ ሊቀር ነው፣ ጋሽ ሸምሱ።»

ጋሽ ሸምሱ ፌስታሉን አዩት። ያ ሁሉ ምርቃት፣ ያ ሁሉ «ደግ ሰው» መባል እዚያ ውስጥ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ወንበራቸውን ከሱቃቸው ፊት አወጡ... ገበያተኛው ሁሉ እያየ ሙዝ ላጡ።

«የምጠይቀው በሽተኛ ኖሮ አያውቅም! የምበላው እኔ ነኝ! ጥበቡም እንደ እኔ ደህና ነው! ታሟል የሚለኝ ካለ ዳገቱን አብሮኝ ይውጣ!»

ማንም አልወጣም። ከቴፒም አማቾቹ ራሳቸው ደውለው «ሠርጉ በቀኑ ይሁን» አሉ።

ጥር ላይ አቶ ጥበቡ እስክስታ ወረዱ... ሙሽሮቹ ደክሟቸው ሲቀመጡ እሳቸው አልተቀመጡም! ከሥጋው ጎን ሙዝና አቮካዶ በትሪ ቀርቦ ነበር።

በመሃል የሙሽራው አባት ግራ ቀኝ አይተው ሙዝ ወደ ኮት ኪሳቸው ሲከቱ... ዲቦራ አየቻቸው።

«ለ... ለበሽተኛ ነው፣ ልጄ» አሉ።

ወዳጆቼ... ስንቶቻችን ነን መድኃኒታችን ጓሯችን በቅሎ ሳለ «ሰው ምን ይለኛል» ብለን የምንታመመው? ሳይታመሙ መብላት ነውር አይደለም። ሰውን ከሐሜት ለማዳን የገዛ ስምን አሳልፎ መስጠት ደግሞ... እውነተኛው በሽተኛ መጠየቅ እሱ ነው።

እስቲ ሳትዋሹ ጻፉልኝ... እናንተ ለመጨረሻ ጊዜ ሙዝ የበላችሁት ታማችሁ ነው ወይስ ደህና ሆናችሁ?