በሦስተኛው መንገድ

ከሮብ ገበያ ወደ ጮቄ ራስ የሚያወጣ መንገድ ሦስት ነው። ሁለቱን ጣሊያን ይጠብቃቸዋል። ሦስተኛውን የሚጠብቀው የለም፤ የሚሄድበትም የለምና። ባለፈው ዓመት አውሮፕላን ሰው የፈጀው በዚያ ላይ ነው። አስከሬኑ ሳይነሣ፣ ፍትሐት ሳይደረግለት ቀርቷል።

ጥሩነሽና ወጌሻው አያ ፈንታ ጎህ ሲቀድ በዚያ መንገድ ወጡ። ባሏ አለበል ጫፉ ላይ ካለው የአርበኞች ዋሻ ተኝቷል፤ ጭኑ ውስጥ ጥይት ቀርቶበታል። ወሬውን ያመጣው መልእክተኛ «ቁስሉ መሽተት ጀምሯል፤ ወጌሻውን ይዘሽ በሦስተኛው መንገድ ነይ» ብሏት፣ መምጣታቸውን ሊናገር ቀድሞ ተመልሷል። ጥይቱ ዛሬ ካልወጣ አለበል አይተርፍም።

አያ ፈንታ ስንት ሰው እንዳዳኑ ያውቃሉ። ስንት እንደሞተባቸውም ያውቃሉ፤ ያንን ግን አይናገሩም።

«አያ፣ ደከመዎት?»

«ጉልበቴ እንጂ እኔ አልደከምኩም። ይልቅ ወሬሽን ቆጥቢ፤ ለባልሽም አስቀሪለት።»

ከቀትር በኋላ ጉም ወረደ። ጅብራውም የአስታው ቁጥቋጦም ከዓይን ጠፋ። አንድ ስፍራ ላይ አያ ፈንታ ጎንበስ ብለው ቆሙ። ጭቃው ላይ ከላይ የወረደ የብዙ ሰው ዱካ ነበር፤ አዲስ፣ ጠለቅ ያለ።

«ሸክም የያዘ ሰው ነው» አሉ። «ዘርፎ የሚመለስ ባንዳ ይሆናል። ድምፅሽን አጥፊ።»

ጥቂት እንደሄዱ ግን አዳለጣትና «ወይኔ እናቴ!» ብላ ጮኸች።

ያኔ ከጉሙ ውስጥ፣ ከኋላቸው፣ ከመንገዱ በስተግራ፣ ድምፅ መጣ።

«ጥሩነሽ!»

አንድ ጊዜ ብቻ። የአለበል ድምፅ ነበር።

አፏን ስትከፍት አያ ፈንታ በመዳፋቸው ከደኑት። «እንዳትመልሺ!»

«እሱ ነው እኮ!» አለች እጃቸውን ገፍታ፣ በሹክሹክታ።

«እሱ ዋሻ ውስጥ ተኝቷል። መቆም ያቃተው ሰው በምን እግሩ እዚህ ይወርዳል? ደግሞስ ሰው ቢሆን ይደግማል። ሙት ነው አንዴ ብቻ የሚጠራ። እናትሽ አልነገረችሽም?»

ነግራታለች። አገሩ ሁሉ ያውቃል። ሰው በሌለበት ቦታ አንዴ ለተጠራ ስሙ «አቤት» ያለ፣ ነፍሱን አሳልፎ ይሰጣል። ጥሪው እስኪደገም ይጠበቃል።

ጠበቁ። ጥሩነሽ ሁለተኛውን ጥሪ በልቧ እየለመነች ጠበቀች። ጠጠር ተንከባለለ። ከዚያ ምንም።

«አየሽ?» አሉ አያ ፈንታ እያማተቡ። «ፍትሐት ያጣ ነፍስ ነው። የምትወጂውን ሰው ድምፅ ይዋሳል። ነይ፣ ባልሽ ይጠብቀናል።»

ሄዱ። ወደ ኋላ አልዞረችም፤ ስሟ ግን እግር አውጥቶ የሚከተላት መሰላት።

ከዋሻው ሲደርሱ ፀሐይ ጠልቃ፣ ውርጩ ሣሩን ማንጣት ጀምሮ ነበር። በዚህ ብርድ ቁስለኛ ቀርቶ ጤነኛም ያለ እሳት አያድርም። በር ላይ የቆመው አርበኛ፣ ደርቤ፣ ጠመንጃውን አወረደና ከኋላቸው ተመለከተ።

«አለበልስ?»

«ምን አለበልስ? እናንተ ዘንድ አይደለም?» አለች ጥሩነሽ።

«ረፋድ ላይ በቃሬዛ አወረድነው እኮ! ሽማግሌው ይህን ሁሉ አቀበት እስኪወጡ ይመሽብናል ብለን፣ ከመንገዱ በስተግራ ቋጥኝ ሥር አስተኝተነው፣ ሰው ስላነሰን በሣሩ አቋርጠን ወደ ጥበቃችን ተመለስን። አልፋችሁት መጣችሁ?»

ጥሩነሽ ወደ መጡበት ቁልቁለት ዞረች። አያ ፈንታ፣ «ታዲያ ለምን አልደገመም?» አሉ።

«እኛ ነና የከለከልነው» አለ ደርቤ። «ባንዳ እንዳይሰማህ፣ አንዴ ብቻ ተጣርተህ ዝም በል ብለነዋል።»