የወረፋ ዶክተሯ ባላንጣ

የወረፋ ዶክተሯ ሙሉ ፕሮፌሰር ለመሆን የቀራት ሚዛንን ማለፍ ብቻ ነበር።

ሚዛን የሚሉት የዩኒቨርሲቲውን የምርምር መለኪያ ቢሮ ኃላፊ ነው። ሥራው ማን ምን እንደጻፈ፣ ማን በጽሑፉ እንደጠቀሰው፣ ከማን ጋር እንደሠራ መለካት ነው። ደንቡን እንደ ስሙ ያውቀዋል። ከዘመድ፣ ከወዳጅ ወይም አብሮ ከጻፈ ሰው የመጣ ጥቅስ አይቆጠርም። ሚስቱ ለልደቱ የጻፈችለትን ሙገሳ እንኳ "ከዘመድ የመጣ ነው" ብሎ ሳይቀበል ቀርቷል እየተባለ ይታማል።

ዶክተሯ ዕድሜዋን የፈጀችው ሰዎች ለምን ያለ ወረፋቸው እንደሚገቡ በማጥናት ነው። ባንክ በር ላይ፣ ዳቦ ቤት፣ ሐኪም ቤት፣ ሰው በተሰለፈበት ሁሉ ቆማ ታያለች። ዘንድሮ ማዕረጉን ካላገኘች የጥናት ክፍሏ ይዘጋል። እሷም ይህንን እያሰበች ጥፍሯን ጨርሳለች።

ሚዛን ከማን ጋር አብራ እንደጻፈች የሚያሳየውን የትብብር ሥዕሏን ኮምፒውተሩ ላይ አወጣ። የሌሎቹ ሥዕል በመስመር የተጠላለፈ የሸረሪት ድር ነው። የእሷ አንዲት ነጥብ ብቻ ሆነች። አብሯት የጻፈ አንድም ሰው የለም። አንጀቱን በላችው።

የጥቅሱን ሥዕል ሲከፍት ግን ከወንበሩ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ጥቅሱ እንደ ጉድ ይዘንባል። ግማሽ የሚሆነው ደግሞ ከአንድ ሰው ነው፤ ከከተማው ማዶ ባለ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ከሚያስተምር ተቺ። ሰውዬው እሷን ከመዝለፍ ሌላ ሥራ ያለው አይመስልም። አንዱን ጽሑፍ "ዶክተሯ ዳቦ ገዝተው የሚያውቁ አይመስልም" ብሎ ይጀምራል። የእሷ ጥናት በወጣ በሳምንቱ የእሱ ትችት ከች ይላል። የቀሩት ጥቅሶች በጠቡ መሐል ገብተው የጻፉ የገላጋዮች ናቸው።

ይህን የሰማው የፋኩልቲዋ ዲን ደስታውን መደበቅ አቃተው። ከዓመታት በፊት ዶክተሯ በአንዱ ጥናቷ "ካፍቴሪያ ውስጥ ያለ ወረፋው የገባ ባለ ቢጫ ክራባት ጎልማሳ" ብላ ጽፋ ነበር። በግቢው ቢጫ ክራባት የሚያስረው ዲኑ ብቻ ነው። ተቺው ማዕረጉ በሚወሰንበት ስብሰባ ላይ ቀርቦ ጉዷን እንዲያወጣ ራሱ ደውሎ ጋበዘው።

የስብሰባው ቀን ዶክተሯ ጥግ ላይ ተቀመጠች። እጅጌዋን የነካውን አረንጓዴ ቀለም በጣቷ ትፍቃለች፤ አልለቅ ብሏታል። ሚዛን ጭንቀቷን አይቶ ውሃ ቀዳላት።

ተቺው ገባ፤ ሰላምታም አልሰጣት። ጥናቶቿን አንድ በአንድ እያነሳ አፈረጣቸው። ጣቱን ሲቀስርባት ጥፍሩ ሥር አረንጓዴ ነገር ተሰግስጎ ይታያል። ይሄ ሰው በንዴት እጁን መታጠብም ረስቷል አለ ሚዛን በሆዱ።

ሰብሳቢዋ በደንቡ መሠረት ከዶክተሯ ጋር ዝምድና ወይም ወዳጅነት እንዳለው ጠየቀችው።

"ከእኚህ ሴትዮ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር መቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ እኔን ጠይቁኝ" አለ ተቺው።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ዶክተሯ ፊቷን በመሐረብ ሸፈነች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ዲኑ ክራባቱን አስተካከለ።

በዚህ ጊዜ ሚዛን ብድግ አለ።

"ደንቡ ጥቅስ ይቆጠር ይላል እንጂ ሙገሳ ይቆጠር አይልም" አለ። "እኔ በሥራ ዘመኔ ከዝምድናም ከወዳጅነትም እንዲህ የጸዳ ጥቅስ አይቼ አላውቅም።"

ሰብሳቢዋ ደንቡን ደግማ አነበበች። ሚዛን ልክ ነበር። እጅ ወጣ፤ የዲኑ ብቻ ቀረ። ተቺው "ጉድ ነው" ብሎ በሩን ወርውሮ ዘግቶት ወጣ።

ሚዛን በደስታ ሊዘል ደርሶ ነበር። ኮሪደር ላይ ተከትሏት ሄደ።

"እንኳን ደስ አለዎት ፕሮፌሰር። ግን ከዚያ ሰውዬ ይጠንቀቁ፣ ለእርስዎ አይተኛም።"

"እኔም አልተኛለትም" አለችው፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

አመሻሽ ላይ ቀለሙ ገና ያልደረቀውን የቤቷን አረንጓዴ በር በክርኗ ገፍታ ስትገባ፣ ተቺው ሽርጥ አሸርጦ ሽንኩርት እየከተፈ ነበር፤ ቀና ብሎም "በይ እንግዲህ፣ የሚቀጥለው ዓመት የማዕረግ ወረፋ የኔ ነው፤ እራትሽን ብዪና ስድብሽን ጀምሪ" አላት።