የፋይናንስ መሐንዲሷ

«በይ እንግዲህ እይልን» ይሏታል ቄስ መልከ ጼዴቅ፣ በመቋሚያቸው ስንጥቁን እያመለከቱ።

ስንጥቁ ከቤተ ክርስቲያኑ መሠረት ተነሥቶ፣ በሴቶች መቆሚያ በኩል ያለውን ግድግዳ ይዞ እስከ ጣሪያው ወጥቷል። ሠርካለም ጣቷን ሰደድ ታደርግበታለች፤ እስከ ሁለተኛው አንጓ ይገባል። ንግሡ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ያን ቀን የዳባት ሴት ሁሉ እዚህ ሥር ነው የሚቆመው።

ጥፋቱ የአባቷ ነው። አዲስ አበባ ስድስት ዓመት የተማረችው ፋይናንሺያል ኢንጂነሪንግ፣ የዋጋ መዋዠቅና የብድር ኪሳራ የሚሰላበት ትምህርት ነው። አቶ ሃብተ ጊዮርጊስ ግን ግማሹን ጥለው ግማሹን ያዙና «ልጄ መሐንዲስ ናት» አሉ። ስም ይወጣል ከቤት፣ ይከተላል ጎረቤት። እሷም ብትሆን አላረመችም። አዲስ አበባ ያሉ ባንኮች ልምድ አምጪ ብለዋታል፤ እዚህ ያመለከተችበት ባንክ ደግሞ ለመስኮት ገንዘብ ተቀባይነት ትምህርትሽ በዛ ብሏታል። ሥራ ፈትቶ ለተቀመጠ ሰው መሐንዲስ መባልም አንድ ነገር ነው።

«ከጎንደር መሐንዲስ ከምናስመጣ የራሳችን ልጅ ትበቃናለች ብለናል» ይላሉ ቄሱ። «ይቆማል ካልሽ ለንግሡ ሕዝቡን እናስገባለን። ከዚያ የእድሳቱ ተቆጣጣሪ አንቺ ነሽ። ደመወዝም ቆርጠንልሻል።»

ደመወዝ። ይህን ቃል ዓመት ከመንፈቅ ጠብቃዋለች። የሚፈለግባት አንዲት «ይቆማል» ብቻ ናት።

«ልጄ ካየችውማ ምን ቀረ» ይላሉ አብረዋት የመጡት አባቷ፤ ሄደውም ጀርባቸውን ከግድግዳው ያስደግፋሉ። ከስንጥቁ አፈር ፈስሶ ትከሻቸው ላይ ያርፋል። እሳቸው ልብም አላሉት፤ እሷ ግን ደነገጠች።

«አባዬ፣ ከዚያ ዞር ይበሉ። እኔ የግንብ መሐንዲስ አይደለሁም። ይቁም ይውደቅ አላውቅም።»

ቄሱ መሬት መሬት ያያሉ። ሠርካለም ለአባቷም ለራሷም አፈረች።

«ታዲያ ስድስት ዓመት ሙሉ ምን ስትማሪ ነበር?» ይላሉ አባቷ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ስጋት መለካት።»

«ስጋት» ብለው ቃሉን ቀስ ብለው ደገሙት። ከዚያ ከግድግዳው ተላቀው ዞሩና መዳፋቸውን ስንጥቁ ላይ አሳረፉ።

«ስጋቱ ይኸው አይደል እንዴ? ነይ ለኪው።»