የድሪስ ምላጭ

ድሪስ ምላጩን እንደያዘ ቆመ። እስር ቤት የተማረውን የፀጉር አስተካካይነት ሙያ ይዞ በመክነስ ከተማ ሱቅ ከከፈተ ሦስት ቀኑ ነው፤ እስካሁን ግን አንገቱን የሰጠው ሰው አልነበረም። አሁን ወንበሩ ላይ የተቀመጡት ጡረታ የወጡት የእስር ቤቱ ጠባቂ፣ ሲ ላርቢ ነበሩ። ፊት ለፊት ሻይ የሚጠጡት ጎረቤቶች አፍጥጠው ያያሉ።

«እጅህ ይንቀጠቀጣል እንዴ?» አሉት ሲ ላርቢ አገጫቸውን ቀና አድርገው።

«እርስዎ ዝም ካሉልኝ አይንቀጠቀጥም።»

ምላጩ ከጉሮሯቸው እስከ ጆሯቸው አንዲት ጭረት ሳያሳርፍ አለፈ። ድሪስ ፊታቸውን ጠረገ፤ ከዚያም እስር ቤት ከእያንዳንዱ ትምህርት በኋላ ያደርግ እንደነበረው፣ ምላጩን አጥቦ ቆልፈው እንዲያስቀምጡት አስረከባቸው።

ሲ ላርቢ ከት ብለው ሳቁ። «እኔ ምን ላድርገው? ያንተ ነው እኮ!»

ከጎረቤቶቹ አንዱ ብርጭቆውን አስቀምጦ ገባ። «ሲ ላርቢ፣ ከጨረሱ ይነሡልኝ እንጂ።»