የስንብት ወረቀቱ የቀረበት ዳቦ ጋጋሪ

"ስምህ የለም።"

ሻምበሉ ይህን ሲለው ቀና ብሎ እንኳን አላየውም...

ወጣቱ ወታደር ጣቶቹ ላይ የደረቀውን ሊጥ እየፈረፈረ ቆመ።

"ጌታዬ፣ ይሄ እኮ ሦስተኛው የስንብት ዝርዝር ነው። አብረውኝ የገቡት ሁሉ ሄደዋል..."

"ከላይ አልመጣም አልኩህ! እኔ ምን ላድርግህ?"

ካምፑ ውስጥ "ዳቦው" ነው የሚሉት።

ለግዴታ ውትድርና፣ ለሁለት ዓመት ብለው ነበር ከአባቱ ዳቦ ቤት የወሰዱት። አሁን አራተኛውን ይዟል...

እጮኛው ጠብቃ ጠብቃ ሌላ አገባች። እናቱ "መቼ ነው?" ማለቱን ትታዋለች።

የካምፑ ምድጃ በናፍጣ የሚሠራ አሮጌ ነው። አመሉን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ስድስት መቶ ሰው የሚበላው የእሱን ዳቦ ነው።

ስሙ በቀረ ቁጥር ጥፋቱን ራሱ ላይ ይፈልጋል። "አንድ ቀን አርፍጄ ይሆናል... ሰላምታ አጓድዬ ይሆናል..."

እና የባሰ ይተጋል።

የሚያንገበግበው ደግሞ ምን መሰላችሁ?

አብሮት የገባ "እንቅልፎ" የሚባል ልጅ ነበረ። ጥበቃ ላይ ቆሞ የሚያንኮራፋ! ሁለት ዓመቱ በሞላ ማግስት፣ ከነምስጋና ወረቀቱ ተሰናበተ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ለቢሮ ሰዎች ዳቦ ይዞ ሲገባ፣ የሻምበሉ ፀሐፊ በሩን ገፋ አድርጋ ዘጋችው። በእናቱ ዕድሜ ያለች ሴት ናት።

"ልጄ፣ አላስችል ስላለኝ ነው። እሷ ነገረችኝ እንዳትል..."

ሦስት ወረቀት ዘረጋችለት።

በሦስቱም ላይ ስሙ አለ!

በሦስቱም ላይ በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዟል። አጠገቡ በሻምበሉ እጅ ጽሑፍ... "አስፈላጊ ስለሆነ ይቆይ።"

"እትዬ፣ ምን አጠፋሁ?"

"ምንም። አጥፍተህ ቢሆን ኖሮማ ይሄኔ ቤትህ ነበርክ።"

የፀሐፊዋን ስም ሳያነሳ፣ በቀጥታ ሻምበሉ ዘንድ ሄደ። "ስሜን የሚሰርዙት እርስዎ ነዎት" አለው።

ሻምበሉ አላፈረም። እንደውም ሳቀ።

"ካንተ በፊት የነበረው የሚጋግረው ድንጋይ ነበር። አሁን ትልልቆቹ ለጉብኝት ሲመጡ ዳቦውን በልተው አንተን... ማለቴ እኔን ያመሰግናሉ። እንዳንተ የሚጋግር ሰው ተካልኝና በማግስቱ ሂድ። ዳቦው ከተበላሸ ግን ከአልጋህ ላይ ነው የማስመጣህ!"

ጋጋሪው ከአዲሶቹ ምልምሎች መሀል "ቀጮ" የሚሉትን መረጠ። እጁ ፈጣን፣ አንዴ የነገሩትን የማይረሳ። ሚስቱን እርጉዝ ጥሎ የመጣ...

ውሃውን፣ እርሾውን፣ የምድጃውን አመል፣ ሁሉንም አስተማረው። በሦስት ወር ውስጥ ቀጮ ከመምህሩ በለጠ።

የመሰናበቻው ቀን ቀጮ በር ድረስ ሸኘው። ሻምበሉ ከኋላቸው ቆሞ ትኩስ ዳቦ ያኝካል።

"ጋሼ፣ ውለታህን አልረሳም። እንዲህ ከሠራሁ እኔንም በጊዜዬ ይለቁኛል፣ አይደል?"

አንዲት ቃል ምላሱ ላይ ደረሰች...

"አልፎ አልፎ አሳርረው።"

ይቺን ብቻ። ግን የቀጮ ዳቦ ካረረ ወደ ካምፑ የሚመለሰው እሱ ራሱ ነው።

ዋጣት።

"በርታ" ብሎት፣ ዞር ብሎ ሳያይ ሄደ።

ሦስት ዓመት አለፈ...

በአባቱ ዳቦ ቤት ሊጥ እያቦካ ሳለ ስልኩ ጠራ።

"ጋሼ፣ ቀጮ ነኝ። ልጄ አሁን በደንብ ታወራለች አሉኝ። 'አባዬ' የምትለው ግን አጎቷን ነው... ዛሬም ስሜ የለም። አንተ ሰዎቹን ታውቃቸዋለህ፣ በእናትህ ንገረኝ፣ ምን ጎደለኝ?"

አሁን፣ ከተሰናበተ ይህን ያህል ቆይቶ፣ ማንም ሊያስመልሰው አይችልም። የሚፈራው ሻምበል የለም።

ግን ከነገረው... ያን ቀን በሩ ላይ ያውቅ እንደነበር ይታወቅበታል።

"ትንሽ ታገስ፣ ይደርሳል" አለና ስልኩን ዘጋው።

ከዚያ ሊጡን መልሶ ማሸት ጀመረ።

ወገን... የሻምበሉ ክፋት ከሩቅ ያስታውቃል። እኔን የከበደኝ የጋጋሪው ነው። ተበድሏል፣ ከዕድሜው ዓመታት ተበልተውበታል፣ ሊያመልጥ የቻለው ግን ሌላ ሰው በቦታው አስገብቶ፣ በሩን ከውጭ ቆልፎ ነው። በደል ዕድሜው የሚረዝመው እንዲህ ነው፤ ያመለጠው ሁሉ ዝም ሲል።

እናንተ ብትሆኑስ? ሻምበሉ ከኋላችሁ ቆሞ እያለ ያቺን ቃል ትናገሯት ነበር?

እውነቱን ብቻ ኮመንት ላይ ጻፉልኝ... እኔ ራሴን ጠይቄ መልሱን አልወደድኩትም።